ዓይንሽን ጨፍኚ

ከእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ በጣም የምወደው የአጎቴን የሥራ ጠረጴዛ ነበር፤ ላዩን ሳይሆን ሥሩን። እናቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለነበረች ወደ ቤት የምትመለሰው ሲመሽ ነው። ብቻዬን ቤት እንዳልቀመጥ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ አብሮን ወደሚኖረው ታናሽ ወንድሟ መሥሪያ ቦታ እሄድና ከጠረጴዛው ሥር ሰጋቱራ በተሞላ ጆንያ ላይ እቀመጣለሁ። አጎቴ ከላይ መላጊያውን በገፋ ቁጥር የተጠቀለለ የእንጨት ልጣጭ እንደ ሪባን እየተንጠለጠለ ይወርድልኛል፤ አንዱን ፀጉሬ ላይ፣ አንዱን ጣቴ ላይ አደርገዋለሁ። ቦታው ኮላና ቫርኒሽ ይሸታል። እስካሁን አዲስ ወንበር የሚሸጥበት ቤት ስገባ እግሬ ይያዛል።

ቀጫጫ ስለነበርኩና በየቀዳዳው ስለምገባ አጎቴ «ሚስማር» ይለኝ ነበር።

«ሚስማር፣ አለሽ?» ይላል፣ ሥራውን ሳያቋርጥ።

«አለሁ።»

«ዝገሽ እንዳይሆን!»

«አልዛግሁም!»

በቀን ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደምንባባል እንጃ። አይሰለቸንም ነበር።

የሥራ ቤቱን ባለቤት ሠራተኞቹ በሌለበት «አቶ ሜትር» ይሉታል፤ መለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ አይለይም። «ሚስቱንም ለክቶ ነው ያገባት» እያሉ ይስቃሉ። እኔ የእውነት ስሙ መስሎኝ አንድ ቀን ፊት ለፊት «አቶ ሜትር» ብዬ ጠራሁት። ሠራተኞቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሱ ግን እስኪያነባ ስቆ ከረሜላ ሰጠኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ቀድሜ መናገር ያለብኝ ይመስለኛል።

የዚያን ቀን ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተው ነበር። አጎቴ አንዲት አስተማሪ ለልጇ ሠርግ ያዘዘችውን ቁም ሣጥን እየሠራ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ አጠገቡ ሁለት የሚያብረቀርቁ ጫማዎች መጥተው ሲቆሙ አየሁ።

«ስቱኮ ሙላበትና ቀባው አልኩህ» አለ አቶ ሜትር።

«ምስጥ በስቱኮ አይሞትም። ጣውላው ውስጡ አልቋል። ነገ ከነልብሷ ነው የሚፈርስባት።»

«የነገውን ለነገ ተወው! አናጢ ነህ ወይስ የእንጨት ሐኪም?»

«ጣውላውን ቀይርልኝ፤ ሌላ ምንም አልልህም።»

«በምን ልቀይር? የምቀይርበት ቢኖረኝ አንተን እለምን ነበር?»

«ለሴትዮዋ ነግሬያታለሁ» አለ አጎቴ።

ጫማዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ከራሴ በላይ ከባድ ነገር በጠረጴዛው ላይ ሲንፏቀቅ ሰማሁ። አንገቴን አወጣሁ። መዶሻው ከፍ ብሏል፤ የያዘው አቶ ሜትር ነው። አጎቴ በግራ እጁ አንጓውን ያዘው፤ በቀኝ እጁ ደረቱን ገፋው። አቶ ሜትር ወደ ኋላ ተንገዳገደ፣ ሰጋቱራው አዳለጠው፤ ጭንቅላቱ ከመሰንጠቂያው ማሽን የብረት ጠርዝ ጋር ሲላተም የሰማሁትን ድምፅ ከምንም ጋር ላመሳስለው አልፈልግም።

አጎቴ ከጎኑ ተንበረከከ። ዞሮ አየኝ። ያን ፊት ከዚያ በፊት አላውቀውም።

«ዓይንሽን ጨፍኚ!» ብሎ ጮኸብኝ። «እንዳታዪ!»

በሁለት እጄ ዓይኔን ሸፈንኩ። ግን በጣቶቼ መሃል ትንሽ ክፍተት ተውኩ። በክፍተቱ በኩል ሰጋቱራው ደሙን ሲጠጣ፣ አጎቴ ሸሚዙን አውልቆ ቁስሉ ላይ ሲጭን፣ «ሰው! ሰው ድረሱ!» እያለ ሲጣራ አየሁ።

አጎቴ ጮኾብኝ አያውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «አታድርጊ» አለኝ፣ እኔም አደረግሁ። ለእኔ የዚያ ቀን ወንጀል ይህ ነበር።

ዛሬ ልጆች አሳድጌአለሁና ለምን ጨፍኚ እንዳለኝ አውቃለሁ። ደሙን እንዳላይ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን አላየሽም ማለቱ አልነበረም። ግን ለልጅ የተሰጠ ትእዛዝ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚሠራ ማን ይነግረዋል?

አቶ ሜትር አልሞተም። ቀኝ ጎኑ ግን አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተሳሰረ። በተሳሰረ ምላሱ፣ «ስለ ሥራ ስቆጣው ድንገት ተነሥቶ ገፈተረኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ዋሽቶ ይሁን ወይም መዶሻውን የእውነት ረስቶት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የዚያ ዓይነት ጉዳት ያንን ቀን ጠርጎ ሊወስደው ይችላል ይላሉ።

አጎቴ ከታሰረ በኋላ በዋስ ተለቀቀ። የተለቀቀ ዕለት ማታ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ፣ ግን አልገባም። እናቴ ብርድ ልብሱንና ሸሚዞቹን በፌስታል አድርጋ አዘጋጅታለች። «ጋሼ!» ብዬ ሮጥኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣ፤ ምንም አልያዝኩም እንደሚል ሰው። እናቴ ቀሚሴን ከኋላ ያዘችው።

«እማዬ፣ ልቀፈው!»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩሽ እኮ!»

አጎቴ ፌስታሉን ተቀበለ። ዓይኑን ከእናቴ ላይ አላነሣም፤ ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላየም። «ደህና ሁኚ እታለም» ብሏት ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሚስማር ሳይለኝ ሊሄድ መሆኑ ሲገባኝ ከእናቴ ክንድ ሥር ሆኜ «አልዛግሁም!» ብዬ ጮኽኩ።

ትንሽ ቆም አለ። ሳይዞር ወረደ።

ነገሩን እናቴ የነገረችኝ እኔም ባለትዳር ከሆንኩ በኋላ፣ ወጥ ቤቷ ቁጭ ብለን ሽንኩርት ስንልጥ ነው። ፍርድ ቤቱ ዋስትናውን ሲፈቅድ ከሕፃኗ ምስክር ጋር እንዳይገናኝ፣ እንዳያነጋግራት አዝዟል። ቤተሰቡም ስለ ጉዳዩ ከእኔ ጋር እንዳያወራ ተነግሮታል። አንድ ቃል ከተሰማ ዋስትናው ይነሣል፤ የእኔም ቃል «አስጠንተዋት ነው» ይባላል። ደግ ሕግ ነው፤ የልጅን ቃል ንጹሕ አድርጎ ለማቆየት የወጣ። እናቴ ደግሞ ሕግን እንደ ጋለ ካውያ ነበር የምትፈራው። ከታዘዘችው በላይ ጠበቀች።

ቤታችን ዝም አለ። እናቴና ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ሲያወሩ እኔ ብቅ ካልኩ ወሬው እንደ ቧንቧ ውኃ ይቆማል።

«እኔ የምለው፣ ይቺ ልጅ ግን…» ስትል ፀጉር ሠሪዋ፣

«እረፊ! ግድግዳ ጆሮ አለው» ትላታለች እናቴ።

«ግድግዳውስ ይስማ፤ እኔን የምታስፈራኝ ያቺ ሚጢጢ ናት!» ብላ ትስቃለች። እናቴ አትስቅም።

አንድ ቀን ማታ እናቴ እግሬን እያጠበችኝ «ጋሼ ለምን ሄደ?» አልኳት።

«እሱን ነገር አታንሺ።»

«በእኔ ነው?»

እጇ እግሬ ላይ ቆመ። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። «ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

በእኔ ባይሆን ኖሮ «አይደለም» ትለኝ ነበር። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። እንዳታዪ ተብዬ አየሁ፤ አጎቴ ተቀየመኝ፤ ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ እናቴም በእኔ አፈረች። ትምህርት ቤት መምህሩ «ይህን ያየ እጁን ያውጣ» ሲል እጄን ማውጣት ተውኩ።

የምጠየቅበት ቀን ሲደርስ ፀጉር ሠሪዋ ጠዋት መጥታ ሹሩባ ሠራችኝ። «ዛሬስ ዳኛው ራሱ ልጄ ትሁን ይላል» አለችኝ። እናቴ በመንገድ ሁሉ እጄን ጨብጣ ይዛ ዝም አለች። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ብቻ ጎንበስ ብላ «እውነቱን ተናገሪ፤ ሌላ የምልሽ የለም» አለችኝ። የተፈቀደላት ይህችው ነበረች።

ክፍሉ ፖሊስ ጣቢያ አይመስልም። ትንንሽ ወንበሮች፣ ቢጫ ምንጣፍ፣ አንድ ጆሮው የተሰፋ የጨርቅ ድብ። የጠየቀችኝ ሴት የደንብ ልብስ አልለበሰችም፤ ምንጣፉ ላይ ከእኔ ጋር ቁጭ አለች። ቀይ እርሳስ አነሣች።

«ይሄ እርሳስ ሰማያዊ ነው ብልሽ እውነት ነው ውሸት?»

«ውሸት።»

«ጎበዝ። እዚህ ክፍል ውስጥ የምናወራው እውነት ብቻ ነው። ቃል ትገቢልኛለሽ?»

ቃል ገባሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ መስታወት አሳየችኝ። ከኋላው የሚሰሙን ሰዎች እንዳሉ፣ ልፈራቸው እንደማይገባ ነገረችኝ። አልደበቀችኝም። ስለ እሷ አንድም ክፉ ነገር መናገር አልችልም፤ ሥራዋን በደንብ የምታውቅ ሴት ነበረች።

«እነማን ናቸው?» አልኳት።

«ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች።»

ከእኔ ሌላ ጉዳዩ የሚመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሼ እዚያ ነው አልኩ በልቤ። ተደብቆ ሊሰማኝ መጥቷል፤ ታዛዥ ልጅ መሆን አለመሆኔን ሊያይ።

«ከመጀመሪያው ጀምረሽ የምታስታውሺውን ሁሉ ንገሪኝ» አለች።

ስለ ጆንያው ነገርኳት፤ ስለ ሪባኑ፣ ስለ ቁም ሣጥኑ፣ ስለሚያብረቀርቁት ጫማዎች። ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

«ከዚያስ ምን አየሽ?»

ወደ መስታወቱ ዞርኩ። አዲስ ሹሩባ የተሠራች ቀጫጫ ልጅ አየችኝ። በሁለት እጄ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ በዚህ ጊዜ አንድም ክፍተት አልተውኩም። መስታወቱን አልፎ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ምንም አላየሁም! ዓይኔን ጨፍኜ ነበር! ጨፍኚ ስባል ጨፈንኩ!»

ሴትዮዋ ምንጣፉ ላይ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ማነው ጨፍኚ ያለሽ?»

«ጋሼ። እንዳታዪ አለኝ።»

«ባለቤቱ ከመውደቁ በፊት ነው ያለሽ፣ ከወደቀ በኋላ? ካላስታወስሽ አላስታውስም ማለት ትችያለሽ።»

አሰብኩ። ቶሎ የታዘዘ ልጅ ዘግይቶ ከታዘዘ ይበልጣል።

«በፊት» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። ቶሎ ነው የጨፈንኩት።»

ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ሁሉ ያቆመው በዚያች ቃል ላይ ነው፤ ሰውን ከመምታቱ በፊት ልጅን ዓይንሽን ጨፍኚ የሚል ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያውቃል፣ ድንገት የገፋ ሰው አይደለም ብሎ። አጎቴ ከመስታወቱ ኋላ አልነበረም። ግን ሰምቶኛል። በሌላ ክፍል፣ ችሎቱ ውስጥ፣ በቴሌቪዥን እያየኝ ነበር።

እናቴ ፍርዱን ሰምታ የመጣች ዕለት ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ሄጄ «ጋሼ ስናገር ሰማኝ?» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ሰማሽ» አለች።

ደስ አለኝ። ታዲያ አሁን ይመለሳላ፣ አልኩ። እሷ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለችው።

ከፍርዱ በኋላ የሚከለክል ነገር ስለሌለ ወደ እስር ቤቱ ይዛኝ ሄደች። ጠያቂዎችና እስረኞች በሽቦ ወንፊት ተለያይተው የሚነጋገሩበት ረጅም ጠባብ ክፍል ነው። አጎቴ ጸጉሩን ተላጭቶ ጆሮው ትልቅ ሆኗል። ገና ሰላም እንደተባባልን ከበሩ ላይ ዘበኛው እናቴን ጠራት።

«ሴትዮ፣ ይሄ ሳሙና እንዲህ አይገባም፤ ተቆራርጦ ነው።»

«ምን ሊገኝበት? ቦምብ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ ቁረጪ ተባልኩ፣ አስቆርጣለሁ።»

እያጉረመረመች ሄደች። ብቻችንን ቀረን። አጎቴ ወደ ወንፊቱ ተጠግቶ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ፣ «ሚስማር፣ ዝገሽ ነው?» አለኝ።

«አልዛግሁም» አላልኩትም። አፌን ሽቦው ላይ አስጠጋሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብነግርህ አትቆጣኝም?»

«አልቆጣሽም።»

«አይቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ጨፍኚ ስትለኝ በጣቴ መሃል አየሁ። ይቅርታ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ መዶሻው ከጠረጴዛው ላይ ሲነሣ፣ እሱ በግራ እጁ ሲይዘው፣ በቀኙ ሲገፋ፣ ሰጋቱራው ሲያዳልጥ፣ ሸሚዙን ሲያወልቅ። አንድ ነገር ካስቀረሁ ይቅርታው የማይሞላ ስለመሰለኝ ምንም አላስቀረሁም። አጎቴ ጣቶቹን በሽቦው ቀዳዳዎች ውስጥ አስገብቶ ሰማኝ።

«ጨፍኚ ያልኩሽ… መቼ ነው?»

«ደም ሲወጣ ነዋ!» አልኩት፣ መርሳቱ ገርሞኝ።

ዓይኑን ወደ እናቴ ወረወረ። ቢላዋ ተውሳ በሩ ላይ ሳሙና ትቆርጣለች።

«ይሄን ለዚያች ሴትዮ እንደገና ብትነግሪያትስ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይግባኝ የሚባል ነገር አለ። ጊዜው ገና አላለፈም። ልክ ለእኔ እንደነገርሽኝ ብቻ። ትችያለሽ?»

ቀዩ እርሳስ ትዝ አለኝ። አሁን የነገርኩት እውነት ከሆነ ያኔ የነገርኳት ውሸት ነው፤ ቃል ገብቼ። ሽቦውን አየሁ፤ የዘበኛውን ቁልፎች አየሁ። ውሸታሞች የሚገቡበት እዚህ መሆኑ በዚያች ደቂቃ ገባኝ።

«አይ! አልሄድም! ውሸታም ይሉኛል፣ እኔንም እዚህ ያስገቡኛል!»

«አንቺን?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። «አንቺማ በዚህ ቀዳዳ ታመልጫለሽ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ሰዎች ዞረው አዩን።

«እሺ፣ እሺ» አለኝ ቶሎ። «ተይው። በቃ፣ አትሄጂም። ማንም አይወስድሽም።»

«ለእማዬም እንዳትነግራት።»

ወደ እናቴ ዞሮ አየ።

«ጋሼ፣ እንዳትነግራት! ሙች በለኝ!»

ግንባሩን ሽቦው ላይ አስደገፈ። ሲያነሣው የወንፊቱ ምልክት በግንባሩ ላይ ቀርቶ ነበር።

«ሙች» አለኝ።

ጠበቀልኝ። የእስር ጊዜውን ጨርሶ ወጣ፤ ዛሬ አርጅቶ በራሱ ትንሽ ቤት ወንበር ይጠግናል፤ ለማንም አልተናገረም። ሽንኩርት ስንልጥ በነበረበት ቀን እናቴ ስለ ዋስትናው ነግራኝ ስትጨርስ ቢላዋዋን አስቀመጠችና «አንቺ ካልሽ በኋላ እኔም ጠረጠርኩት እኮ። የእናቴን ልጅ። እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ፣ ስንቅ አቀብለዋለሁ፣ ውስጤ ግን አስቦበት ነው ያደረገው ይላል። እስከ ዛሬም ይላል» አለችኝ። እኔ ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠልኩ። የእሱን መሐላ ልፈታው የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፤ እናቴም በሕይወት አለች፤ ቤቷ ከቤቴ ሩቅ አይደለም።

ያን የእስር ቤት ቀን እናቴ ሳሙናውን አስገብታ ተመለሰች። እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ነበር።

«ምን ስታወሩ ነበር?»

«ስለ ትምህርቷ» አለ አጎቴ።

በልቤ አመሰገንኩት። ስንወጣ ሰውነቴ ቀሎኝ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መዝለሌ ስለነበር እናቴ ቆማ አየችኝ።

«ምን ተገኘ ዛሬ?»

«ጋሼ ታረቀኝ» አልኳት።

«ተጣልታችሁ ነበር እንዴ?»

«አዎ። አሁን ግን አልቋል» አልኳትና እጇን ለቅቄ ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ።